የቡካርዶዋ ክሎን ለምን አልኖረችም? ለዋልያችንስ ምን ይነግረናል?

ሊማሊሞ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጠፉ እንስሳትን በክሎን (ከአንድ እንስሳ ሴል የዚያኑ እንስሳ ግልባጭ በማስወለድ) ስለመመለስ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚጠራው ማሞዝ፣ የዝሆን የጥንት ዘመድ ነው። ዘሩ ከጠፋ በኋላ በእውነት የተወለደው እንስሳ ግን ቡካርዶ ነው፤ በስፔንና በፈረንሳይ መካከል በፒሬኒስ ተራሮች ይኖር የነበረ የዱር ፍየል፣ የዋልያችን ዘመድ። ስለዚህ ክሩን በእሱ ልክፈተው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጨረሻዋ ቡካርዶ ሴሊያ የተባለች ሴት ነበረች። በ1999 የጸደይ ወራት በኦርዴሳ ብሔራዊ ፓርክ ተይዛ ከቆዳዋ ናሙና ተወሰደ፤ አንገቷ ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ ታስሮላት ተለቀቀች። ጃንዋሪ 6 ቀን 2000 ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። ሴሎቿ ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነበሩ።

የስፔን ተመራማሪዎቹ የእነ ሆሴ ፎልች ቡድን ያንን ሴል ከቤት ፍየል እንቁላል ጋር አዋሐደ። በሁለት ዙር 439 ሽሎች ተሠሩ፤ ከእነሱ 208ቱ ወደ 57 ተሸካሚ እናቶች ተዛወሩ፤ 7 አረገዙ። ጁላይ 30 ቀን 2003 በቀዶ ጥገና አንዲት ግልገል ተወለደች፤ ክብደቷ 2.6 ኪሎ። መተንፈስ አቅቷት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ውጤቱ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው በ2009 ነው።

ሁለት ነገር እንድንነጋገርበት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ሥራው የትኛው ደረጃ ላይ ነው የሚሰበረው? ሁለተኛ፣ ዋልያ ዛሬ በሕይወት እያለ ከዚህ ምን እንማራለን?

---

የላብ_ልጅ

ሊማሊሞ፣ ክሩን ከቡካርዶ መጀመርህ ደስ ብሎኛል። ሂደቱን ከነመሰበሪያው ላስቀምጠው። የምጠቅሳቸው መጠኖች በፍየልና በላም ሥራ የተለመዱት ናቸው፤ ከላብ ላብ ትንሽ ይለያያሉ።

መጀመሪያ ለጋሿ ሴል ትዘጋጃለች። ከቆዳ የወጡት ሴሎች በ37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ማሞቂያ ይባዛሉ። ከውሕደቱ በፊት ለጥቂት ቀናት ምግባቸው ይቀነሳል፤ 10 በመቶ የነበረው የጥጃ ሴረም ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። ይህ የሚደረገው መከፋፈሏን አቁማ እንድታርፍ ነው። ዲኤንኤዋን በመቅዳት ላይ ያለች ሴል ወደ በሰለ እንቁላል ከገባች ክሮሞዞሞቿ ይፈራርሳሉ፤ ሽሉ ከመጀመሪያው ቀን የተበላሸ ነው።

ቀጥሎ እንቁላሉ። ለቡካርዶ ሥራ እንቁላሎቹ የተገኙት በሆርሞን ብዙ እንቁላል እንዲጥሉ ከተደረጉ የቤት ፍየሎች ነው፤ ከማህፀን ቱቦ ታጥበው ወጡ። እንቁላሉ በማይክሮስኮፕ ሥር በአንድ የመስታወት ቱቦ ተይዞ በሌላ፣ አፉ 20 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ቀጭን ቱቦ፣ የራሱ ክሮሞዞም ይመጠጣል። ክሮሞዞሙ በተራ ብርሃን አይታይም፤ ሄክስት የተባለ ቀለም ተጨምሮ በአልትራቫዮሌት ይረጋገጣል። ብርሃኑ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከቆየ እንቁላሉን ይጎዳል። ሲመጠጥ ብዙ ሳይቶፕላዝም አብሮ ከሄደ ደግሞ ሽሉ አቅም አጥቶ በስምንት ሴል ደረጃ አካባቢ ይቆማል።

ከዚያ ለጋሿ ሴል በእንቁላሉ ቅርፊት ሥር ትገባና በኤሌክትሪክ ምት ይዋሐዳሉ። በሴንቲ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቮልት፣ ለጥቂት አሥር ማይክሮ ሰከንዶች። ሁለቱ በደንብ ካልተነካኩ ወይም ከኤሌክትሮዱ አንጻር ጎን ለጎን ካልተደረደሩ አይዋሐዱም፤ ምቱ ከበረታ እንቁላሉ ይፈነዳል። የወንድ ዘር ስላልገባ እንቁላሉ «ተነስ» የሚለው ነገር የለም፤ አዮኖማይሲን የተባለ ኬሚካል ለአምስት ደቂቃ፣ ከዚያ 6-ዲማፕ የተባለ ሌላ ለሦስትና አራት ሰዓት ይሰጠዋል።

ቡካርዶው ላይ የሽሎቹ ከፊል ገና ከ3 እስከ 6 ሴል ሳሉ ወደ ማህፀን ቱቦ ገቡ፤ ሌሎቹ እስከ ሰባተኛ ቀን በላብ ቆይተው ወደ ማህፀን ቀንድ ገቡ። እስከዚህ ያለው ሁሉ በልምድ የሚሻሻል ሥራ ነው። ትልቁ ኪሳራ ያለው ከዚህ በኋላ፣ በእርግዝናው ውስጥ ነው።

---

አደይ_ቢ

የላብ_ልጅ፣ ተሸካሚዎቹ ምን ዓይነት ፍየሎች ነበሩ? ተራ የቤት ፍየል መሆን አይችሉም ነበር?

---

የላብ_ልጅ

እህቴ፣ ተሸካሚዎቹ የስፔን አይቤክሶች (የተራራ የዱር ፍየሎች)፣ እንዲሁም የአይቤክስና የቤት ፍየል ድቅሎች ናቸው። ከዚያ በፊት የአይቤክስ ፅንስ በቤት ፍየል ማህፀን ሲሞከር የእንግዴ ልጁ ፕሮቲን በእናቲቱ ደም ውስጥ ከመጠን በላይ ከፍ ይል ነበር፤ ሁለቱ ዝርያዎች በእንግዴ ልጅ በኩል በቀላሉ እንደማይስማሙ ምልክት ነው። የቡካርዶውም እርግዝና የተከታተሉት በዚያው ፕሮቲን መጠን ነው።

---

ዶክተር_በቆጂ (የእንስሳት ሐኪም)

የግልገሏን ሳንባ በተመለከተ። ሬሳዋ ሲከፈት በሳንባዋ ላይ እንደ ጉበት የጠነከረ ትርፍ ክፋይ ተገኝቷል፤ አየር የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ብዙዎች «ዲኤንኤው አርጅቶ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዲኤንኤው ከሴሊያ ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጧል። ችግሩ ያለው በላዩ ላይ ባለው ምልክት ነው።

የቆዳ ሴል የቆዳን ሥራ ብቻ እንድትሠራ አብዛኞቹ ዘረ መሎቿ በኬሚካል ምልክት ታሽገዋል። እንቁላሉ ይህንን ማሸጊያ በሰዓታት ውስጥ ፍቆ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ሙሉ በሙሉ የሚሳካለት አልፎ አልፎ ነው። ያልተፋቀው ምልክት በተለይ የእንግዴ ልጅንና የፅንስ እድገትን የሚመሩትን ዘረ መሎች ያዛባል። ስለዚህ በክሎን በጎችና ላሞች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ተመሳሳይ ነው፦ ከመጠን በላይ የገዘፈ ፅንስ፣ ጥቂትና ያበጡ የእንግዴ ልጅ ቁልፎች፣ በማህፀን ውስጥ የሚከማች ውሃ፣ ያልበሰለ ሳንባ፣ የእምብርት ችግር። ከአዋቂ እንስሳ ሴል በተወለደችው በመጀመሪያዋ ክሎን በግ በዶሊም ዘመን እንዲሁ ነበር፤ ከ277 ውሕደት 29 ሽል ተገኝቶ አንዲት በግ ብቻ ተወለደች።

ከ2003 ወዲህ ይህ ክፍል ተሻሽሏል። በ2018 ይፋ በሆነው የቻይና የዝንጀሮ ክሎን ሥራ ላይ ማሸጊያውን የሚፍቅ ኤንዛይም እንዲሠራ የሚያዝ መልእክት ወደ ሽሉ ተጨምሮ፣ ከፅንስ በተወሰደ ሴል 79 ሽል ለ21 እናቶች ተሰጥቶ ሁለት ጤነኞች ተወለዱ። ልብ በሉ፤ እዚያው ሥራ ላይ ከአዋቂ እንስሳ ሴል 181 ሽል ለ42 እናቶች ተሰጥቶ የተወለዱት ሁለቱም ወዲያው ሞቱ። ሴሊያ አዋቂ፣ ያውም ያረጀች ነበረች።

---

ግዮን77

እሺ፣ ግልገሏ ብትኖርስ? አንዲት ሴት ብቻዋን ዘር አትሆንም። ቡካርዶ የሚያድስ ወንድ የለም፤ ወንድ የሚያደርገው የዋይ ክሮሞዞም ያለው አንድም ሴል አልተቀመጠም። ሚቶኮንድሪያዋም (የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ የራሱ ዲኤንኤ ያለው) የቤት ፍየል ነው፤ ከእንቁላሉ የመጣ ነውና። ለመራባት ከስፔን አይቤክስ ወንድ ጋር መደባለቅ ነበረባት፤ ልጆቿ ግማሽ ናቸው።

ደግሞ ተራራው ባዶ አልቀረም። ፈረንሳይ ከ2014 ጀምሮ ከስፔን ያመጣቻቸውን አይቤክሶች በፒሬኒስ ለቅቃ አሁን እዚያው እየተዋለዱ ነው። ሣሩን የሚግጥ፣ ገደሉን የሚወጣ፣ ያለ ላብ የመጣ እንስሳ። የቡካርዶን ቦታ የሚሸፍን ዘመድ በሕይወት ካለ ክሎኑ ለምን?

---

ሊማሊሞ

ግዮን፣ ስለ ቡካርዶ ልክ ነህ። ዋልያ ግን እንዲህ ያለ ተጠባባቂ የለውም። በስሜን ተራሮች ካለቀ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ዋልያ የለም፤ በአጥር ውስጥ የሚራባ ወገንም የለውም። ቅርቡ የኑብያ አይቤክስ ነው፤ እሱ የበረሃ ተራራ እንስሳ ነው፣ 4000 ሜትር ላይ ብርድ የለመደ አይደለም።

---

ተመስገን_ጂ

ጠፍቶ የነበረው የጥንት ተኩላ ተመለሰ ስለተባለበት ስለ 2025ቱ «ዳየር ተኩላ» ምን ትላላችሁ? እሱም ክሎን ነው ተብሏል።

---

የላብ_ልጅ

አጠር አድርጌ ልመልስ። የተወለዱት በ14 ዘረ መሎች ላይ 20 ለውጥ የተደረገባቸው ግራጫ ተኩላዎች ናቸው። ከተኩላ ደም የተገኘ ሴል ተስተካክሎ፣ ከውሻ እንቁላል ጋር ተዋሕዶ፣ ውሻ ተሸከመችው። ዳየር ተኩላና ግራጫ ተኩላ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸው በ20 ለውጥ አይሞላም። የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የውሻ ዘመድ ባለሙያዎችም ዳየር ተኩላ እንዳልሆኑ በግልጽ ተናግረዋል።

ክሎን የሚባለው ሙሉ ኒውክሊየስ (ዲኤንኤውን የያዘው የሴሉ እምብርት) ሲኖር ነው። ከአጥንት የሚገኘው ዲኤንኤ የተቆራረጠ ነው፤ በኒውዚላንድ በጠፋው ትልቅ ወፍ በሞአ አጥንት ላይ የተሠራው ጥናት በ13 ዲግሪ ገደማ ግማሹ በ521 ዓመት እንደሚበጠስ አሳይቷል። ከዚያ ቁርጥራጭ ማንበብ ይቻላል፣ ክሎን ማድረግ አይቻልም። ለዚህ ነው ያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያለ ሕያው ሴል ከሙዚየም ሙሉ ቆዳ የሚበልጠው።

---

አደይ_ቢ

የሥነ ምግባሩን ጥያቄ ከቁጥሩ ልጀምር። 57 እናቶች። እያንዳንዷ ሆርሞን ተወግታለች፣ ሆዷ ተከፍቶ ሽል ገብቶላታል፤ ሃምሳዎቹ ምንም አልያዙም፣ ስድስቱ አስወርደዋል ወይም ፅንሱ ሞቶባቸዋል። እንቁላል የሰጡት ፍየሎች ከዚህ ውጪ ናቸው። ይህ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ። ፍየል ብዙ ስለሆነ ሥቃይዋ አይቆጠርም የሚል ካለ እኔ አልቀበለውም።

ተሸካሚዋ ራሷ ለመጥፋት የተቃረበች ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ለማሞዝ የምትታሰበው የእስያ ዝሆን ናት፤ 22 ወር ታረግዛለች፣ ዘሯም አደጋ ላይ ነው። እሷ አንድ የላብ ፅንስ ተሸክማ በምትከርምበት ጊዜ የራሷን ግልገል አትወልድም። አንዲትም የእስያ ዝሆን ለዚህ መዋል የለባትም ብዬ አምናለሁ።

የተወለደውስ እንስሳ? ከማን ይማራል? የዱር ፍየል ግልገል የትኛው ገደል እንደሚያስጠልል፣ በክረምት ወዴት እንደሚወረድ ከእናቱና ከመንጋው ያያል። መንጋ የሌለው ዝርያ ይህ ትምህርት ተቋርጦበታል።

---

ዶክተር_በቆጂ

አደይ፣ ስለ እናቶቹ ያልሽው ሚዛን ውስጥ መግባት ያለበት ነው። ነገር ግን ከክሎን ሥራ መካከል ፍሬ ያፈራም አለ፤ እሱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም።

በአሜሪካ ያለው ጥቁር እግር ፌረት (ትንሽ ሥጋ በል የዱር እንስሳ) ሁሉ የ7 እንስሳት ዘር ነው። ዊላ የተባለች፣ ዘር ሳትተው በ1988 የሞተች ሴት ሴሏ በሳንዲያጎ ቀዝቃዛ ባንክ ነበር፤ የዘረ መል ልዩነቷ ከዛሬዎቹ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዲሴምበር 2020 የእሷ ክሎን ኤልዛቤት አን ተወለደች። ማህፀኗ በውሃ ተሞልቶ መውለድ አልቻለችም። በ2023 ሁለት እህቶች ተወለዱ፤ ከእነሱ አንቶኒያ በ2024 ወልዳ ሁለት ግልገሎች አደጉ። የፕርዠቫልስኪ ፈረስም (የሞንጎልያ የዱር ፈረስ) በ1980 ከተቀመጠ ሴል በ2020 ተወልዷል።

ልዩነቱን ተመልከቱ። ዝርያው አልጠፋም። የቤት ፌረትና የቤት ፈረስ ተሸካሚ ሆነው በቀላሉ ይገኛሉ። ክሎኑ የሚቀላቀለው መንጋ አለ። የሚሰጠውም ነገር የጠፋ ልዩነት እንጂ ዝና አይደለም። ክሎን ቦታው እዚህ ነው፤ ከጠፋ በኋላ ሳይሆን ሳይጠፋ።

---

ሊማሊሞ

እዚህ ላይ ልደርስ ፈልጌ ነው ክሩን የከፈትኩት። ለዋልያ ዛሬ ክሎን አያስፈልገውም። ዛሬ የሚያስፈልገው ሴሉ እንዲቀመጥ ነው። ቡካርዶ ላይ ከአንዲት ሴት ብቻ የተወሰደው ማንም ስላልፈለገ ሳይሆን ሲታሰብ የቀረችው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው።

ስንት ይበቃል? ዝምድና የሌላቸው 25 እንስሳት የመንጋውን የዘረ መል ልዩነት 98 በመቶ ገደማ ይይዛሉ፤ ቀመሩ ከአንድ ላይ የእንስሳቱን ቁጥር እጥፍ ግልባጭ መቀነስ ነው። ወንድና ሴት እኩል፣ ከተለያዩ የፓርኩ ሸንተረሮች።

---

ዶክተር_በቆጂ

አሠራሩን ልጨምር። ዋልያን በማደንዘዣ መውጋት አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ እስኪይዘው በሚያልፉት ደቂቃዎች ወደ ገደል ይሮጣል። ከተያዘ በኋላም በድንጋጤና በሩጫ ጡንቻው ተበላሽቶ ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ያለ ማደንዘዣ ትንሽ ቆዳ ቆርጣ የምትወድቅ የናሙና ቀስት ናት። የምትመታው ጭኑ ላይ ነው፣ እንስሳው ለጥ ባለ ሜዳ ሲግጥ፤ ቀስቷ ገደል ውስጥ ከወደቀች ናሙናው ጠፋ ማለት ነው።

ቆዳው 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ፀጉሩ ይነሣል፣ በክሎርሄክሲዲን ይታጠባል፣ በ70 በመቶ አልኮል ለአጭር ጊዜ ይነከርና ይታጠባል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ናሙናውን አልኮል ወይም ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጠው ይልካሉ። አልኮል ለዲኤንኤ ምርመራ ጥሩ ነው፤ ለክሎን ግን ሴሉን ገድሎታል። መግባት ያለበት ፔኒሲሊን፣ ስትሬፕቶማይሲንና የፈንገስ መከላከያ ባለው የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ነው። በረዶው ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ እንደ በረዶ ከጠጠረ ሴሉ ይሞታል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያው ቀን ላብ ይደርሳል።

---

የላብ_ልጅ

ላብ ሲደርስ ቆዳው 1 ሚሊ ሜትር እየሆነ ይቆረጥና ሳህን ላይ ይለጠፋል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሴሎቹ ከጠርዙ መውጣት ይጀምራሉ። በፈንገስ ከተበከለ ሌላ ዕድል የለም፤ ስለዚህ ከአንድ እንስሳ ናሙና ግማሹ ሳይባዛ እንደተቆረጠ ይቀዝቅዝ።

ማቀዝቀዣው ፈሳሽ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ፣ ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል፣ ይኖረዋል። በአንድ ቱቦ አንድ ሚሊዮን ሴል። በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀነሰ እስከ 80 ከዜሮ በታች ይወርድና ወደ ናይትሮጅኑ ይገባል። ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሴሉን ስለሚመርዝ ከተቀላቀለ በኋላ መዘግየት የለበትም። ሲቀልጥ በተቃራኒው በፍጥነት፣ በ37 ዲግሪ ውሃ። ሴሎቹ ብዙ ጊዜ ሳይባዙ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይቀመጡ፤ ሲባዙ በኖሩ ቁጥር የክሮሞዞም ስሕተት ይጨምራል። 60 ክሮሞዞም መሆኑ ታይቶ ይመዝገብ።

ናይትሮጅን አገር ውስጥ አለ። የቃሊቲው የከብት ማዳቀያ ማእከልና የክልል ጣቢያዎች ለኮርማ ዘር የሚያመርቱት ያው ነው። አደጋው ጋኑ ሲረሳ ነው፤ ናይትሮጅን በየቀኑ ይተናል፣ በየሳምንቱ በዘንግ ተለክቶ ካልተሞላ የዓመታት ሥራ በአንድ የበዓል ሰሞን ያልቃል። ስለዚህ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ተጠሪ።

---

ግዮን77

ባለቤትነቱስ? ሴሉ ውጭ አገር ባንክ ከገባ ነገ ማን ያዝበታል? የጤፉን የባለቤትነት መብት ክርክር አንርሳ፤ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ እስኪያደርግ ስንት ዓመት ፈጀ። የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለን፣ ከጄኔቲክ ሀብት የሚገኝ ጥቅም ስለሚጋራበት የናጎያ ስምምነትም አባል ነን። ከፈቃዱ ውል ላይ ሦስት ነገር በስም መጻፍ አለበት፦ ያለ ኢትዮጵያ የጽሑፍ ፈቃድ ክሎን አይደረግም፤ በሴሉም በውጤቱም ላይ የባለቤትነት መብት አይመዘገብም፤ ሁለተኛው ቅጂ ሁልጊዜ አገር ውስጥ ይቀመጣል።

---

አደይ_ቢ

በዚህ እስማማለሁ፤ ስጋቴ ሌላ ነው። ሴሉ ተቀምጧል ሲባል የፓርክ ጠባቂው በጀት እንዳይቀነስ። ዋልያን የሚገድለው የሴል እጥረት አይደለም፤ አደን፣ የግጦሽ መጣበብና ከቤት ፍየል የሚመጣ በሽታ ነው። በስፔን ካዞርላ ከ1987 ጀምሮ የገባ እከክ ከአይቤክሶቹ ከ95 በመቶ በላዩን ጨርሷል። በስሜን ዙሪያ የቤት ፍየልና ዋልያ አንድ ገደል ይግጣሉ።

---

ዶክተር_በቆጂ

ትክክል። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ፍየሎችና በጎች የበግና ፍየል ደስታ በሽታ ክትባት ቢከተቡ አንዱ መርፌ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠብቃል፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። የእከኩም ሕክምና አስቸጋሪ አይደለም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔም ክትባቱንና ጠባቂውን አስቀድማለሁ። ግን የናሙናው ወጪ ከዚህ ጋር የሚሻማ አይደለም፤ ውድ የሆነው ክሎኑ ነው እንጂ ቅዝቃዜው አይደለም።

---

ተመስገን_ጂ

ሞቶ የተገኘ ዋልያስ ይጠቅማል? ጠባቂዎቹ አንዳንዴ ያገኛሉ።

---

የላብ_ልጅ

በጣም ይጠቅማል፤ ማንንም ሳያስደነግጥ የሚገኝ ናሙና ነው። የቆዳ ሴል ከእንስሳው ሞት በኋላ ይቆያል፤ በ4 ዲግሪ በተቀመጠ የፍየል ቆዳ ላይ ከሳምንታት በኋላም ሕያው ሴል ተገኝቷል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሬሳ ግን በፍጥነት ይበላሻል፤ በስሜን ብርድ ሌሊቱን ያደረ ይሻላል። የሚቆረጠው ጆሮ ነው፤ ከሆድ ዕቃ ሩቅ ስለሆነ የሚበሰብሰው ዘግይቶ ነው። ጆሮው ከሥሩ ተቆርጦ ንጹሕ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ቀን፣ ቦታና ፆታ ይጻፍበታል፣ ወደ ፍሪጅ እንጂ ወደ ፍሪዘር አይገባም። ፀጉር ወይም ቀንድ ብቻ ከሆነ ለዲኤንኤ ንባብ ይቀመጥ፣ ለሴል አይሆንም።

---

ዶክተር_በቆጂ

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጓንት ሳይደረግ አይነካ። አባ ሰንጋ የገደለው ሊሆን ይችላል። ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከታየ ቢላ አይግባበት፣ ጆሮውም አይቆረጥ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ ይነገር።